ኮሌጅ ፌር ላይ ምን እናወዳድር? በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በየዓመቱ በርካታ የኮሌጅ ፌሮች፣ ማለትም ኮሌጆች ጠረጴዛ ዘርግተው ተማሪዎችንና ወላጆችን የሚያነጋግሩባቸው ዝግጅቶች ይካሄዳሉ። ትልልቆቹ በከተማዋ የስብሰባ ማዕከልና በጌተርስበርግ የእርሻ ትርኢት ሜዳ ሲዘጋጁ ቆይተዋል፤ ትንንሾቹ ደግሞ በየሃይስኩሉ ጂምና ካፌቴሪያ ውስጥ ይደረጋሉ። በትልልቆቹ ላይ ተማሪው አስቀድሞ በስልኩ ተመዝግቦ ባርኮድ ይቀበላል። የየኮሌጁ ተወካይ ያንን ባርኮድ ሲያነብ የተማሪው ስምና አድራሻ ለኮሌጁ ይደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ኢሜይሉና ብሮሹሩ ለወራት አይቋረጥም።

ችግሩ አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ጠረጴዛ አንድ ዓይነት መስሎ መታየቱ ነው። በዓመት ከ60 ሺህ ዶላር በላይ የሚያስከፍለው የግል ዩኒቨርሲቲ፣ የካውንቲው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ በጥቂት ወራት ሰርተፍኬት የሚሰጠው ለትርፍ የተቋቋመ የሙያ ትምህርት ቤት፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበርና የጦር ሠራዊቱ ምልመላ ክፍል እኩል ስፋት ባላቸው ጠረጴዛዎች ላይ እኩል ፈገግታ ይዘው ይቀመጣሉ። የትኛውም ዋጋውን ፊት ለፊት አይለጥፍም። ከዚህ ላይ የእኛ ቤተሰቦች የተለየ ችግር ይጨመራል። ብዙዎቻችን በኢትዮጵያ ያለፍንበት ሥርዓት የመልቀቂያ ፈተናው ውጤት የሚወስንበት፣ መንግሥትም ተማሪውን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመድብበት ስለነበረ፣ የአንዱን ዩኒቨርሲቲ ዋጋ ከሌላው ጋር አስተያይተን አናውቅም። ትልቁ ጥያቄ «ገባ ወይስ አልገባም?» የሚል ነበር። እዚህ አገር ግን መግባት ግማሹ መንገድ ብቻ ነው፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ጎረቤታሞች ልጆች የሚጠይቀው ክፍያ እንኳ በብዙ ሺህ ዶላር ሊለያይ ይችላል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለየትኛውም ተቋም ስም አይሟገትም። የሚያወዳድረው የመንገድ ዓይነቶችን ነው፤ በመጀመሪያ ግን መመዘኛዎቹን ያስቀምጣል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ከሁሉም የከበደው መመዘኛ፣ ቤተሰቡ ተጣርቶ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ይህ ማለት ከትምህርት ክፍያ፣ ከመኖሪያ፣ ከምግብ፣ ከመጽሐፍና ከትራንስፖርት ድምር ላይ የማይመለሰው እርዳታ፣ ማለትም ግራንትና ስኮላርሺፕ ብቻ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ብድር አይቀነስም፤ ብድር ከነወለዱ የሚመለስ የቤተሰቡ ዕዳ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እያንዳንዱ የፌዴራል እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ በድረ ገጹ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስሊያ እንዲያኖር በሕግ ይገደዳል። ወደ ፌሩ ከመሄድዎ በፊት ባለው ምሽት የታክስ ወረቀትዎን ይዘው ለአምስት ወይም ለስድስት ኮሌጆች ይህንን ማስሊያ ቢሞሉ፣ በአዳራሹ ውስጥ ሦስት ሰዓት ከሚሰጥዎ የበለጠ እውቀት ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው መመዘኛ ከገቡት ተማሪዎች ምን ያህሉ ይጨርሳሉ የሚለው ነው። ዲግሪ ሳይኖር ዕዳ ብቻ ይዞ መውጣት ከሁሉም የከፋ ውጤት ነው። የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ስኮርካርድ የተባለ ነፃ ድረ ገጽ የእያንዳንዱን ኮሌጅ የማጠናቀቂያ መጠን፣ የተመራቂዎቹን የዕዳ መጠንና ገቢ በትምህርት ዘርፍ ሳይቀር ያሳያል።

ሦስተኛው፣ ተማሪው ቢዘዋወር ክሬዲቱ አብሮት ይሄዳል ወይ የሚል ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 የተዘዋወሩ ተማሪዎች በግምት 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን አጥተዋል። ከመንግሥት ኮሌጅ ወደ መንግሥት ኮሌጅ የሄዱት ያጡት 37 በመቶ ሲሆን፣ ለትርፍ ከተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች ወደ መንግሥት ኮሌጅ የተዛወሩት ግን 94 በመቶውን አጥተዋል። ይህን ቁጥር ከአንድ ጊዜ በላይ ማንበብ ይገባል።

አራተኛው መመዘኛ የሙያ ፈቃድን ይመለከታል። ነርስነት፣ የራጅ ቴክኒሻንነት፣ መምህርነትና የኤሌክትሪክ ሥራ ያለ ላይሰንስ ወይም ያለ እውቅና ሰርተፍኬት አይሠሩም። ስለዚህ ጥያቄው «ይህን ትምህርት ትሰጣላችሁ?» የሚል ብቻ ሳይሆን «ከእናንተ ተመርቆ ለፈቃድ ፈተናው መቀመጥ ይቻላል? ባለፈው ዓመት ከተፈተኑት ስንቱ አለፉ?» የሚል መሆን አለበት።

አምስተኛው የቤተሰቡ ሁኔታ ነው፤ የመኖሪያ ግዛትና የኢሚግሬሽን ወረቀት ማለት ነው። ግሪን ካርድ ያላቸው፣ አሳይለም (ጥገኝነት) የተፈቀደላቸውና በስደተኝነት የገቡ ተማሪዎች ፋፍሳ የተባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሞልተው የፌዴራል እርዳታ ማግኘት ይችላሉ። የአሳይለም ጉዳያቸው ገና በመታየት ላይ ያለ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የመቆያ ጥበቃ) ብቻ ያላቸው ግን አይችሉም። የመኖሪያ ግዛትን በተመለከተ፣ ቨርጂኒያም ሆነ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ለነዋሪ የተቀነሰውን ክፍያ ከመፍቀዳቸው በፊት በመሠረቱ የ12 ወር ነዋሪነት ይጠይቃሉ። ኑሮን ለመለወጥ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ለመዛወር ያሰበ ቤተሰብ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይደርስ ይህን ቢያስብበት ይጠቀማል።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ

በአካባቢያችን ያሉት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ የፕሪንስ ጆርጅስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ኖቫ ብለን የምንጠራው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ናቸው። በትምህርት ክፍያ ረገድ በአካባቢያችን ካሉት ኮሌጆች ርካሾቹ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። በሞንትጎመሪ ኮሌጅ የካውንቲው ነዋሪ የሆነ የሙሉ ጊዜ ተማሪ በዓመት የሚከፍለው በ5 እና በ6 ሺህ ዶላር መካከል ነው፤ ከካውንቲው ውጭ ያለ የሜሪላንድ ነዋሪና ከግዛቱ ውጭ የመጣ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ከፍ ያለ ይከፍላሉ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች የሚሰጠውና በ2025–26 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር የሚደርሰው የፌዴራል ፔል ግራንት ይህን ሙሉ በሙሉ ሊሸፍን ይችላል።

ርካሽነቱ ግን ግማሽ እውነት ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብዙ ተማሪዎች ሳይጨርሱ ያቋርጣሉ፤ ምክንያቱም ሥራና ትምህርት በአንድ ላይ ይይዛሉ፣ ከዲግሪያቸው ጋር የማይገናኝ ኮርስ ይወስዳሉ፣ ወይም ወዴት እንደሚዛወሩ ሳይወስኑ ሁለት ዓመት ያልፋል። በእኔ አስተያየት ይህ መንገድ ለማኅበረሰባችን እጅግ ጠንካራው ነው፤ ይህን የምለው ግን የትራንስፈር ዕቅዱ በመጀመሪያው ሴሚስተር በጽሑፍ ከተያዘ ብቻ ነው። መሣሪያዎቹ አሉ። የሜሪላንድ ትራንስፈር አድቫንቴጅ ፕሮግራም ከሞንትጎመሪና ከፕሪንስ ጆርጅስ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ያሻግራል። በቨርጂኒያ በ2018 የተጀመረው አድቫንስ ፕሮግራም የኖቫን ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ያስተሳስረዋል፤ ሌሎችም የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ከኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ጋር የተረጋገጠ ቅበላ ውል አላቸው። በፌሩ ላይ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጁም ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲም አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቅርቡ፤ መልሶቻቸው ካልተስማሙ የዩኒቨርሲቲውን ይመኑ፤ ክሬዲቱን የሚቀበለው ወይም የሚጥለው እሱ ነውና።

ብዙ ወላጆች ስለ ነርሲንግ ስለሚጠይቁ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው። በሁለት ዓመት የሚሰጠው የአሶሼት ዲግሪም ሆነ የአራት ዓመቱ ባችለር ወደ አንድ የፈቃድ ፈተና፣ ወደ ኤንክሌክስ አር ኤን፣ ያደርሳሉ፤ ያለፈው ሁሉ ሬጅስተርድ ነርስ ይባላል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች ባችለር ያለውን ይመርጣሉ ወይም ከተቀጠሩ በኋላ በተወሰነ ጊዜ እንዲያጠናቅቁ ይጠይቃሉ። በዚህ ምክንያት አሶሼቱን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጨርሶ፣ ሥራ ጀምሮ፣ ባችለሩን እየሠሩ ማሟላት ብዙዎች በተግባር የተጓዙበት መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነጥብ ደግሞ ይህ ነው፦ ኮሌጁ መግባት ነርሲንግ ፕሮግራሙ መግባት አይደለም። የሞንትጎመሪ ኮሌጅ የጤና ትምህርቶች፣ ማለትም ነርሲንግ፣ ራጅ፣ አልትራሳውንድና የቀዶ ሕክምና ቴክኖሎጂ፣ በታኮማ ፓርክ/ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ ይሰጣሉ፤ የነርሲንግ ፕሮግራሙ የራሱ ማመልከቻና ውድድር አለው፤ አናቶሚን በዝቅተኛ ውጤት ያለፈ ተማሪ ኮሌጁ ውስጥ እያለ ከነርሲንግ ውጭ ሊቀር ይችላል።

የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ

ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ፣ ዩኤምቢሲ፣ ታውሰን፣ ቦዊ ስቴት፣ ሞርጋን ስቴት፣ ጆርጅ ሜሰን፣ ቨርጂኒያ ቴክና የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ክፍል ይመደባሉ። በኮሌጅ ፓርክ ለሜሪላንድ ነዋሪ የዓመቱ ትምህርትና ልዩ ልዩ ክፍያ 12 ሺህ ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ ከግዛቱ ውጭ ለመጣ ተማሪ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ዶርም ከተጨመረበት የነዋሪው ወጪ በእጥፍ ያድጋል፤ ስለዚህ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በሃያትስቪል ለሚኖር ቤተሰብ ልጁ ከቤት እየተመላለሰ መማሩ የአራት ዓመቱን ሒሳብ ከሥሩ ይለውጣል። ይህን ስል ዶርም ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም፤ ከክፍል ጓደኞችና ከመምህራን ጋር መቀራረብ ለብዙ ልጆች ትልቅ ጥቅም ያስገኛል። ነገር ግን ያ ጥቅም በብድር የሚገዛ ከሆነ በግልጽ ተነግሮ መወሰን አለበት።

ኮሌጅ ፓርክ ከገቡት ከ85 በመቶ በላይ የሚሆኑት በስድስት ዓመት ውስጥ የሚመረቁበት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በማጠናቀቂያ መመዘኛ ይህ ከፍ ያለ ውጤት ነው። አስቸጋሪው ቅበላው ነው፤ በተለይ ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግ የራሳቸው ውድድር አላቸው፤ «ሳልወስን ልግባና በኋላ እቀይራለሁ» ማለት ሁልጊዜ አይሠራም።

ብዙም የማይታወቅ አማራጭ በሮክቪል የሚገኘው የሻዲ ግሮቭ ዩኒቨርሲቲዎች ማዕከል ነው። እዚያ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት አባል የሆኑ ተቋማት ሦስተኛና አራተኛ ዓመትን ያስተምራሉ፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ባችለርም በዚያው ይሰጣል። ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀምሮ በሻዲ ግሮቭ የጨረሰ ልጅ ዲግሪውን ከዋናው ዩኒቨርሲቲ ይቀበላል፤ አራቱንም ዓመት ከቤቱ ሳይርቅ ይማራል።

የዲሲ ነዋሪዎች በተለየ ሁኔታ ላይ ናቸው። ኮንግረስ በ1999 ባወጣው ሕግ የተቋቋመው ዲሲ ታግ የተባለው እርዳታ፣ የዲሲ ልጅ በሌላ ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በነዋሪና በእንግዳ ክፍያ መካከል ያለውን ልዩነት እስከ ተወሰነ ጣሪያ ይሸፍናል። ይህ በየዓመቱ የሚሞላ የራሱ ማመልከቻ አለው፤ ፋፍሳ መሙላት ብቻ አይበቃም።

የግል ዩኒቨርሲቲ

ጆርጅታውንና ጆርጅ ዋሽንግተን ለትምህርት ብቻ በዓመት ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃሉ፤ በ1867 የተመሠረተው ሃዋርድ ከ30 ሺህ በላይ ይጠይቃል። ወላጆች ይህን ቁጥር ሰምተው ከጠረጴዛው ሲርቁ ማየት ያሳዝነኛል፤ ከሁሉም በላይ መቆም ያለባቸው ቤተሰቦች እነዚያው ናቸውና። የግል ኮሌጆች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ፣ ጆርጅታውንን ጨምሮ፣ የቤተሰቡን የገንዘብ ችግር በራሳቸው ቀመር ከለኩ በኋላ የጎደለውን በሙሉ ለማሟላት ቃል ገብተዋል። ሁለተኛዎቹ ግን ልጁን ይቀበሉና ከሚያስፈልገው እርዳታ ከፊሉን ብቻ ሰጥተው ቀሪውን ለቤተሰቡ ይተዋሉ።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ከነመኖሪያው 90 ሺህ ዶላር ቢጠይቅና 80 ሺህ ግራንት ቢሰጥ ቤተሰቡ የሚከፍለው 10 ሺህ ነው። የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ከነዶርሙ 30 ሺህ ጠይቆ 12 ሺህ ቢረዳ 18 ሺህ ይቀራል። ሌላው የግል ኮሌጅ ደግሞ 65 ሺህ ጠይቆ «የ25 ሺህ ዶላር የክብር ስኮላርሺፕ» ቢሰጥ ደብዳቤው ያስደስታል፤ ቤተሰቡ ግን በየዓመቱ 40 ሺህ መክፈል አለበት። በዓመት 50 ወይም 60 ሺህ ዶላር የሚያገባ የታክሲ ሾፌርና የሆም ሄልዝ ኤይድ ቤተሰብ ልጅ ውጤቱ ከፍተኛ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ዓይነት ዩኒቨርሲቲ ከሁሉም የሚረክስበት ጊዜ አለ። በፌሩ ላይ ይህን አንድ ጥያቄ በቀጥታ ይጠይቁ፦ «የተረጋገጠውን ችግር መቶ በመቶ ታሟላላችሁ? በብድር ነው ወይስ ያለ ብድር?» ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ይህን ቃል ስለገባ እሱንም መጠየቅ ይገባል።

እነዚህ ኮሌጆች ብዙውን ጊዜ ከፋፍሳ በተጨማሪ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ቅጽ ይጠይቃሉ። ቅጹ ረጅም ነው፤ ለእኛ ግን አንድ ጥቅም አለው። ፋፍሳ አገር ቤት ላሉ እናትና አባት በየወሩ የሚላከውን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፕሮፋይሉ ግን ልዩ ሁኔታን በጽሑፍ ማስረዳት የሚቻልበት ቦታ አለው። ከ2024–25 ጀምሮ ፋፍሳ ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ ኮሌጅ መሆናቸውንም በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ትቷል፤ ስለዚህ ሁለት ልጆች የሚያስተምር ቤተሰብ ይህን ሁኔታ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ የእርዳታ ቢሮ ለብቻው ማስረዳት አለበት።

እየሠሩ መማር፦ አፕረንቲስሺፕ

የኤሌክትሪክ፣ የቧንቧና የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሥራ አፕረንቲስሺፖች በፌሩ ጥግ ላይ የሚቀመጡ፣ የእኛ ወላጆች ግን ብዙም የማይቆሙባቸው ጠረጴዛዎች ናቸው። ልጅን ከአገር አምጥቶ «የእጅ ሥራ ይማር» ማለት ለብዙ ወላጅ ውርደት ይመስለዋል፤ ስሜቱ ይገባኛል፣ ሒሳቡ ግን አይደግፈውም። በዋሽንግተን አካባቢ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር ሎካል 26 ከአሠሪዎች ጋር የሚያካሂደው ሥልጠና አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ሠልጣኙ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይከፈለዋል፤ ደመወዙም በየደረጃው ያድጋል፤ ሲጨርስ የትምህርት ዕዳ የለበትም። ለመግባት የሃይስኩል ዲፕሎማ፣ ያለፈ የአልጀብራ ኮርስና የችሎታ ፈተና ያስፈልጋል፤ ፉክክሩም ቀላል አይደለም። ዋናው ማረጋገጫ ፕሮግራሙ በመንግሥት የተመዘገበ አፕረንቲስሺፕ መሆኑ ነው። «አፕረንቲስሺፕ» እያለ መጀመሪያ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት ይለፉት።

ለትርፍ የተቋቋሙ የሙያ ትምህርት ቤቶች

እነዚህ በማስታወቂያቸው ፈጣኖች፣ በምዝገባቸውም ቀላሎች ናቸው፤ «ዛሬ ተመዝገብ፣ ሰኞ ጀምር» ይላሉ። አንዳንዶቹ በትክክል ያስተምራሉ፤ ዋጋቸው ግን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚሰጠው ተመሳሳይ ኮርስ ብዙ ጊዜ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ኮሪንቲያን ኮሌጆች በ2015፣ አይቲቲ ቴክ በሴፕቴምበር 2016 በአንድ ጊዜ ሲዘጉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ክሬዲታቸውን ሌላ ኮሌጅ የማይቀበልላቸው ሆነው ቀርተዋል። ስለዚህ የትኛው አካል እውቅና እንደሰጣቸው፣ ካምፓሱ ቢዘጋ ምን እንደሚሆንና የፈቃድ ፈተና ማለፊያ መጠናቸውን በጽሑፍ ካላገኙ አይፈርሙ። ለሲኤንኤ (ረዳት ነርስነት)፣ ለፍሌቦቶሚ (ደም መቅዳት) ወይም ለሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አጭር ሥልጠና የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የካውንቲውን ኮሌጅ ይጠይቅ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ፔል ግራንት ከ8 እስከ 15 ሳምንት ለሚፈጁ ብቁ ፕሮግራሞችም እንዲውል ሕጉ ተለውጧል።

ስለ ጦር ሠራዊቱ ጠረጴዛ በአጭሩ፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በወታደርነት መቀጠር ይችላል፣ መኮንን ለመሆን ግን ዜግነት ያስፈልጋል፤ ከአገልግሎት በኋላ የሚሰጠው የጂአይ ቢል ጥቅም እስከ 36 ወር ትምህርትን ሊሸፍን ይችላል። መልማዩ በቃል የሚነግረው ሁሉ በውሉ ላይ መስፈሩን ሳያረጋግጡ መወሰን አይገባም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የትምህርት ክፍያ በዓመት (እርዳታ ሳይቀነስ) | ጊዜ | ዋናው ጥንካሬ | ዋናው አደጋ |
|---|---|---|---|---|
| ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ | ከ5–6 ሺህ ዶላር (ለካውንቲ ነዋሪ) | 2 ዓመት | ዝቅተኛ ዋጋ፣ የትራንስፈር ውሎች | ሳይጨርሱ ማቋረጥ፣ ክሬዲት መጥፋት |
| የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ | 12 ሺህ አካባቢ (ኮሌጅ ፓርክ፣ ለነዋሪ) | 4 ዓመት | ዋጋና ጥራት የተመጣጠኑበት | የዶርም ወጪ፣ የዘርፍ ውድድር |
| የግል፣ ችግርን በሙሉ የሚያሟላ | ከ60 ሺህ በላይ | 4 ዓመት | ለዝቅተኛ ገቢ እጅግ ሊረክስ ይችላል | ቅበላው በጣም ጠባብ ነው |
| የግል፣ በከፊል የሚረዳ | ከ30 ሺህ በላይ | 4 ዓመት | ትናንሽ ክፍሎች፣ የተለዩ ዘርፎች | ትልቅ ያልተሸፈነ ቀሪ ክፍያ |
| የተመዘገበ አፕረንቲስሺፕ | ደመወዝ ይከፈላል | ከ4–5 ዓመት | ያለ ዕዳ ወደ ሙያ | የመግቢያ ውድድር፣ የጉልበት ሥራ |
| ለትርፍ የተቋቋመ ትምህርት ቤት | ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ውድ | ከወራት እስከ 2 ዓመት | ፈጣን መጀመሪያ | የማይተላለፍ ክሬዲት፣ ዕዳ |

ለማን የትኛው?

ውጤቱ ከፍተኛ፣ የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ የሆነ ተማሪ ችግርን በሙሉ ለሚያሟሉ የግል ኮሌጆችም ለግዛቱ ዩኒቨርሲቲም ጎን ለጎን ያመልክት። ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው ማመልከቻ ግን አሳሪ ነው፣ ማለትም ተማሪው ተቀባይነት ካገኘ እዚያው ለመግባት አስቀድሞ ቃል የሚገባበት ነው፤ የእርዳታ ደብዳቤዎችን ማወዳደር ለሚፈልግ ቤተሰብ አይስማማም፤ ኧርሊ አክሽን ግን አያስርም።

ገቢው መካከለኛ ሆኖ ፔል የማያገኝ ቤተሰብ በጣም የሚጨነቅ ነው፤ ለሀብታሞቹ ኮሌጆች እርዳታ ገቢው ከፍ ይላል፣ ከኪሱ ለመክፈል ደግሞ አቅም የለውም። ለዚህ ቤተሰብ ከቤት እየተመላለሱ በግዛቱ ዩኒቨርሲቲ መማር ወይም በሞንትጎመሪና በሻዲ ግሮቭ መንገድ መሄድ በአብዛኛው የተሻለው ነው።

በአሥራ ስድስት ወይም በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከአገር የመጣና እንግሊዝኛው ገና በመዳበር ላይ ያለ ልጅ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቢጀምር ይጠቀማል፤ ነገር ግን ፔል ግራንት በሕይወት ዘመን ከ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር በላይ አይሰጥም። በማሻሻያና በእንግሊዝኛ ኮርሶች ላይ ብዙ ሴሚስተር ፔሉን የጨረሰ ተማሪ አራተኛው ዓመት ላይ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ገና የሃይስኩል ተማሪ ሳለ በነፃ የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ትምህርት አጥብቆ ይማር።

ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ያለ ተማሪ በሜሪላንድ በ2012 በሕዝበ ውሳኔ ከጸደቀው፣ ወረቀት የሌላቸው ተማሪዎች በነዋሪ ክፍያ እንዲማሩ ከሚፈቅደው ድሪም አክት ተጠቃሚ መሆን አለመሆኑን ከሃይስኩሉ ካውንስለር ጋር ይመርምር፤ ግዛቱ ለእንደነዚህ ተማሪዎች ከፋፍሳ የተለየ የራሱ የእርዳታ ማመልከቻ አለው።

ከልጃቸው ጋር ወደ ፌሩ የመጡ ወላጆችም ራሳቸው መማር ቢፈልጉ ጠረጴዛዎቹ ለእነሱም ክፍት ናቸው። በኢትዮጵያ ባችለር ያገኘ ሰው ዲግሪው ባይመዘንለትም እንኳ ፔል ግራንት አይሰጠውም፤ የፌዴራል ብድር ግን ሊፈቀድለት ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መጀመሪያ ትራንስክሪፕቱን በታወቀ ድርጅት አስገምግሞ ስንት ክሬዲት እንደሚያዝለት ማወቅ ከሁሉም ይቀድማል።

ከፌሩ በኋላ

ኮሌጆች ምላሻቸውንና የእርዳታ ደብዳቤያቸውን ከላኩ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በማርችና በኤፕሪል፣ እውነተኛው ንጽጽር ይጀምራል። ደብዳቤዎቹ የተለያየ አቀራረብ ስላላቸው በአንድ ወረቀት ላይ በሦስት ዓምድ ይጻፏቸው፦ ግራንት፣ ብድር፣ ከኪስ። በወላጅ ላይ የሚደገፍ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር መበደር ይችላል፤ በአራት ዓመት 27 ሺህ ይሆናል። እኔ እንደ ጣሪያ የማስበው ይህንን ነው። ቀሪው ክፍያ በወላጅ ስም በሚወሰደው ፕላስ ብድር ወይም ዘመድ ኮሳይን በሚያደርግበት (ፈርሞ ዋስ በሚሆንበት) የግል ብድር የሚሸፈን ከሆነ ያ ኮሌጅ ለዚያ ቤተሰብ ውድ ነው፤ በሕግም ቢሆን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደር ወላጅ በፕላስ በዓመት ከ20 ሺህ፣ ለአንድ ልጅ በጠቅላላው ከ65 ሺህ ዶላር በላይ መውሰድ አይችልም።

ደብዳቤው ያልበቃው ቤተሰብ ዝም ማለት የለበትም። የሥራ ሰዓት ከተቀነሰ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ከታመመ ወይም የታክሱ ዓመት ገቢ አሁን ያለውን ሁኔታ የማያሳይ ከሆነ፣ ማስረጃ አያይዞ ለእርዳታ ቢሮው ይግባኝ መጻፍ ይቻላል፤ ቢሮው ስሌቱን የማስተካከል ሥልጣን አለው። ደብዳቤውን ተማሪው በራሱ ስም ይጻፈው፤ ወላጅ የደመወዝ ወረቀቱን ያያይዝ፤ ብዙዎቹ ኮሌጆች ውሳኔ ከሚጠብቁበት ከሜይ 1 በፊት መልስ እንዲደርስም ኤፕሪል እንደገባ ይላክ።